ፕላን ከቤት ሲቀድም፦ የከተማ ፕላን ሥርዓትን ማሻሻል ለመኖሪያ ቤት ልማት ያለው ፋይዳ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ፣ በከተሞች የሚኖሩ ተከራዮች የቆየ ሥጋት ሕጋዊ ምላሽ አግኝቷል። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንዲወሰን ደንግጓል። በድንገት ልቀቁ መባልና ያልታሰበ ጭማሪ ለሚያስጨንቀው ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ የኪራይ ሕግ ያለውን ቤት ያስተዳድራል እንጂ የሌለውን ቤት አይሠራም። የኪራይ ንረት ምንጩ የቤት እጥረት እስከሆነ ድረስ ዘላቂው መፍትሔ የቤት አቅርቦትን ማሳደግ ነው።

አቅርቦትን ስለማሳደግ ሲነሳ በአብዛኛው ቀድመው የሚጠቀሱት ሲሚንቶ፣ ብረትና ብድር ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ቤቱ የት ይሠራል? ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ ነው? መንገድ፣ ውኃና መብራት ይደርሰዋል? ስንት ፎቅ ይፈቀድበታል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በከተማ ፕላን ውስጥ ነው። በመሆኑም የፕላን ሥርዓትን የማሻሻል ጉዳይ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ቴክኒካዊ ርዕስ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤት ፈላጊ ጉዳይ ነው።

የጥያቄው ስፋት

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር 73.75 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው የኢትዮጵያ የከተማ ዕድገት ጥናት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን ትንበያ መሠረት አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 15.2 ሚሊዮን የነበረው የከተማ ነዋሪ በ2037 ወደ 42.3 ሚሊዮን እንደሚያድግ አመልክቷል። ይህ ማለት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ 27 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው በከተማ መጠለያ ይፈልጋል ማለት ነው።

ለስሌት ያህል በአንድ ቤት በአማካይ አራት ሰው ይኖራል ቢባል፣ በ25 ዓመታት ውስጥ ከ6.7 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ቤቶች ያስፈልጋሉ፤ በዓመት ከ270 ሺህ የማያንስ ማለት ነው። ይህ ስሌት ያረጁና የተጎሳቆሉ ቤቶችን መተካትን፣ ተዳብለው የሚኖሩ ቤተሰቦችን ጥያቄ መመለስንም አይጨምርም። በአንጻሩ የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን-ሃቢታት) እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት እንደተመለከተው፣ አገር አቀፉ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የገነባው 171 ሺህ ያህል ቤት ነው። በአፍሪካ ደረጃ በትልቅነቱ የሚጠቀስ የመንግሥት ፕሮግራም በአምስት ዓመት የሠራው ለአንድ ዓመት ፍላጎት አይበቃም ማለት ነው። ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት ፕሮግራሙ አልተሳካም የሚል አይደለም። ፍላጎቱ በአንድ ገንቢ እጅ፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ሊሸፈን የማይችል መሆኑን ያሳያል።

ከአዋጅ ቁጥር 47 እስከ ጋራ መኖሪያ ቤቶች

ዛሬ የተደረሰበትን ሁኔታ ለመረዳት ያለፈውን ግማሽ ክፍለ ዘመን በአጭሩ መቃኘት ያስፈልጋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ወደ ቀበሌ፣ ሌሎቹ ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተዛወሩ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ ኪራይ ተቀነሰለት፤ ከቤቱ የመባረር ሥጋቱም ተወገደ። በሌላ በኩል ግን ለማከራየት ቤት መሥራት ሕጋዊ ሥራ መሆኑ ቀረ። ቀበሌዎች የሚሰበስቡት ኪራይም ቤቶቹን ለማደስ የሚበቃ አልነበረም። ነዋሪው ከለላ ቢያገኝም ቤቱ ከዓመት ዓመት እያረጀ ሄደ፤ የቤተሰቡ ቁጥር ሲያድግ በዚያው ግቢ ውስጥ መቀጠያና ጭማሪ ክፍል እየተሠራ መጨናነቁ ተባባሰ።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዓት ተዘረጋ። ሕጉ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽሎ የወጣ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል፤ ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመንም እስከ 99 ዓመት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ በአንድ ሕንፃ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የየራሳቸው የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው በር ከፈተ። በአዲስ አበባ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በዚህ የሕግ መሠረት ላይ ወደ አገር አቀፍ ፕሮግራም አደገ።

ፕሮግራሙ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች የመጀመሪያው የራስ ቤት ሆኗል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ወጣቶች የብሎኬት፣ የበርና የመስኮት፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ማግኘታቸው ከቁጥሩ ባሻገር የሚታዩ ውጤቶች ናቸው። የሕዝቡ ፍላጎትም ከአቅርቦቱ እጅግ የላቀ ነበር። በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበው ከ450 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 መርሐ ግብሮች በተደረገው ምዝገባ የተመዝጋቢው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ያን ጊዜ ልጅ ታቅፎ የተመዘገበ አባወራ ዛሬ ልጁ ለአቅመ ሥራ እየደረሰ ገና የሚጠባበቅ ሊሆን ይችላል።

የፕሮግራሙ ሁለተኛ ትምህርት ከቦታ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳይቶች እንደ ገርጂ፣ ጎተራና ልደታ ባሉ ለመሐል ከተማ ቅርብ በሆኑ ሥፍራዎች ነበሩ። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ግንባታው እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ወዳሉ የከተማው ዳርቻዎች ተሻገረ። በአንዳንዶቹ ሥፍራዎች ቁልፍ የተረከበው ነዋሪ ውኃ፣ መብራትና መንገድ እስኪደርሱት ጠብቋል። የዕለት ገቢው በመርካቶ ወይም በፒያሳ የነበረ ሰው ቤት አግኝቶ ትራንስፖርት ሲቸግረው፣ ከዕድሩና ከዕቁቡ ሲርቅ፣ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሥራው አጠገብ መከራየትን መረጠ። ቤት በአራት ግድግዳና በጣሪያ ብቻ እንደማይለካ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ፕላን ሲዘገይ የሚከፈል ዋጋ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የአገሪቱን የፕላን ሥርዓት በደረጃ ያዋቀረ ሕግ ነው። ከአገር አቀፍና ከክልላዊ የከተማ ልማት ዕቅዶች ሥር እያንዳንዱ ከተማ የሚመራበት ፕላን በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ ከተማው የሚያድግበትን አቅጣጫ፣ የመሬት አጠቃቀሙን፣ የመኖሪያ ልማቱንና የዋና ዋና መሠረተ ልማት አውታሮችን አቀማመጥ ይወስናል። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ይባላል፤ ይህ ደግሞ የአንድን ሠፈር መንገድ፣ የሕንፃ ከፍታና የቦታ አከፋፈል በዝርዝር ያሳያል። የግንባታውን ሥራ ራሱን ለመምራት ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቶ ነበር።

በሕግ ደረጃ አንድ ቤት የሚያልፍባቸው በሮች ግልጽ ናቸው። ፕላኑ ይጸድቃል፤ መሬቱ ይዘጋጃል፤ መሠረተ ልማት ይዘረጋል፤ ቦታው ይተላለፋል፤ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ መሠረት ይቆፈራል። የሊዝ አዋጁም ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነፃ፣ ከከተማው ፕላን ጋር የተጣጣመ፣ መሠረታዊ መሠረተ ልማት የሚያገኝ፣ የተሸነሸነና ወሰኑ የተለየ መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ደንግጓል። ስለዚህ ችግሩ ሕጉ ዝም ማለቱ አይደለም። የተዘጋጀ መሬት የሚቀርብበት ፍጥነትና መጠን ከነዋሪው ፍልሰትና ዕድገት ጋር እኩል አለመራመዱ ነው።

ፕላን ሲዘገይ ነዋሪው አይጠብቅም። የዚህ መገለጫ በሁሉም ከተማ የሚታወቀው የጨረቃ ቤት ነው። ከቀን ዓይን ተሰውሮ በሌሊት የሚቆም የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የጨረቃ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሕግን ሊጥስ የተነሳ አይደለም፤ አብዛኛው በሕጋዊው በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት ያጣ ነው። የሠራው ቤት ካርታ የለውም፤ በባንክ ዋስትና አይሆንም፤ የፈረሰ ዕለት ያጠራቀመው ጥሪት አብሮ ይፈርሳል። ከተማውም ቢሆን አይጠቀምም። ቤቶቹ ከተሠሩ በኋላ መንገድ ለማውጣት ግድግዳ መግፋት፣ የውኃ መስመር ለመዘርጋት ግቢ መቁረጥ ይጠይቃል፤ ለተነሺ የሚከፈለው ካሳም ይጨምራል። በአዲስ አበባ እስከ 1997 ዓ.ም. የተሠሩና በዚያው ዓመት በተነሳው የአየር ካርታ ላይ የሚታዩ ይዞታዎች ሥርዓት እንዲይዙ መደረጉ ለብዙ ቤተሰቦች ዋስትና አስገኝቷል። ሆኖም ሥርዓት ማስያዝ ያለፈውን ማረም ነው፤ የሚመጣውን መቅደም የሚቻለው በፕላን ብቻ ነው።

የ40 በመቶው ስሌት

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ የሚመድብ መርሕ ይከተላል። የ30፡30፡40 መርሕ ለእግረኛ፣ ለሕፃናት መጫወቻና ለንጹሕ አየር ቦታ የሚያስጠብቅ ነው። ከዚያ ጋር ተያይዞ ግን አንድ ግልጽ ውጤት አለው፤ ለግንባታ የሚቀረው 40 በመቶ በቁጠባ ካልተሠራበት ከተማው ወደ ጎን ብቻ እየሰፋ የአርሶ አደሩን ማሳ ይበላል።

ይህን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። 100 ሄክታር መሬት ተዘጋጀ እንበል። 40 በመቶው፣ ማለትም 40 ሄክታር፣ ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ቢውልና ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 200 ካሬ ሜትር ቢሸነሸን 2 ሺህ ቤተሰብ ያርፍበታል። በዚያው 40 ሄክታር ግማሹን የሚሸፍኑ ባለ ጂ+4 ሕንፃዎች ቢሠሩ የወለሉ ስፋት አንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር ይሆናል። ደረጃውንና የጋራ መተላለፊያውን ጨምሮ ለአንድ ቤት 80 ካሬ ሜትር ቢታሰብ 12 ሺህ 500 ቤተሰብ ይኖርበታል። መሬቱ ያው ነው፤ ለውጡን ያመጣው የፕላኑ ደንብ ነው።

በእርግጥ ፎቅ ሁሉ መፍትሔ አይደለም። የግንባታ ወጪው ከፍ ይላል፤ የውኃ ግፊትና የፍሳሽ አወጋገድ ይከብዳል፤ አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ቤቱን ከኑሮው ጋር ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግበትን ዕድልም ያጠባል። በመካከለኛና በአነስተኛ ከተሞች ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ተያያዥ ቤቶች፣ ወይም በአነስተኛ ሽንሻኖ ላይ በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሠሩ ቤቶች የተሻለ አማራጭ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ብሔራዊ መለኪያ ለአዲስ አበባም ለአነስተኛ የወረዳ ከተማም በእኩል የሚሠራ ሊሆን ስለማይችል፣ የማሻሻያው አንዱ ሥራ በከተሞች ደረጃ የተለየ የጥግግት ልክ ማስቀመጥ ነው።

ከአራት ከተሞች የተገኘ ልምድ

ፕላን ከነዋሪው ሊቀድም እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በአገር ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የከተማ ልማት ዘርፉን የሚመራው ሚኒስቴር ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ የከተማ ማስፋፊያ ፕላን አስጀምሯል። ሐሳቡ ቀላልና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከተማው በቀጣዮቹ 30 ዓመታት የሚያስፈልገው መሬት ይገመታል፤ በዚያ መሬት ላይ በግምት በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ርቀት ሰፋፊ ዋና መንገዶች የሚያልፉባቸው መስመሮች ይተለማሉ፤ ለሕዝብ የሚሆኑ ክፍት ቦታዎች ይከለላሉ። አስፋልቱ ዛሬ ባይነጠፍም የመንገዱ ቦታ ዛሬ ይጠበቃል። ዝርዝሩ በሒደት ይሟላል።

የዚህ አካሄድ ጥቅም በወጪ ልዩነት ይታያል። በባዶ ማሳ ላይ የመንገድ መስመር መከለል ምልክት መትከልን፣ ካሳ መክፈልንና ከአርሶ አደሩ ጋር መተማመንን ይጠይቃል። ከ20 ዓመት በኋላ በተጨናነቀ ሠፈር ውስጥ ያንኑ መንገድ ማውጣት ግን መቶዎችን ማፈናቀልን ያስከትላል። ሙሉ ዝርዝር ያለው ፕላን እስኪዘጋጅ ከመጠበቅ ይልቅ አጥንቱን አስቀድሞ ማቆም አቅም ላነሳቸው ከተሞችም የሚቻል ነው።

ይሁን እንጂ የቴክኒክ ጥራት ብቻውን ፕላንን አያጸናም። የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ የሚገኙ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድነት ለማልማት ተዘጋጅቶ የነበረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ሕዝባዊ ተቃውሞ ገጥሞት በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። አርሶ አደሩ የከተማን መስፋፋት የሚያየው በማሳው፣ በልጆቹ ውርስና በማንነቱ ዓይን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች መሬታቸውን በፕላኑ መሠረት ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ መብት እንዲያገኙ መደረጉ፣ በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳም በቀደመው ሕግ ከነበረው አሥር እጥፍ የዓመት ገቢ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ማደጉ ከዚህ ተሞክሮ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ባለይዞታው የልማቱ ተካፋይ ያልሆነበት ፕላን ወረቀት ላይ ቢያምርም መሬት ላይ አይወርድም።

የእንግሊዝ ተሞክሮ

የቤት አቅርቦት በፕላን ሥርዓት መታሰሩ የታዳጊ አገሮች ችግር ብቻ አይደለም። ገንዘብም የግንባታ አቅምም ባላት እንግሊዝ ዋነኛ የፖለቲካ ክርክር ሆኖ ይገኛል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወዲህ መሬት ያለው ሰው በመሬቱ ላይ የመገንባት መብት በቀጥታ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ግንባታ የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ነባር ነዋሪዎች አዲስ ግንባታን ሲቃወሙ፣ በከተሞች ዙሪያ የተከለለው አረንጓዴ ቀበቶም ሲጠበቅ፣ የቤት ዋጋ ከወጣቱ አቅም በላይ ሆኗል።

የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ ማዕቀፉን አሻሽሏል። ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ምክር ሐሳብነት ዝቅ ብሎ የነበረው የአካባቢ ምክር ቤቶች የቤት ግብ እንደገና አስገዳጅ ሆኗል፤ የምክር ቤቶቹ ግብ ሲደመር በዓመት 370 ሺህ ያህል ቤት ይደርሳል። መንግሥት በአንድ የምርጫ ዘመን 1.5 ሚሊዮን ቤት እንዲሠራ ግብ ጥሏል። በአረንጓዴ ቀበቶ ውስጥ ሆነው ለቀበቶው ዓላማ ብዙም የማይጠቅሙ ቦታዎች «ግራጫ ቀበቶ» ተብለው ለግንባታ እንዲታዩ ተፈቅዷል። ወቅታዊ ፕላን የሌለው ምክር ቤት የግንባታ ጥያቄን ውድቅ ለማድረግ የሚያቀርበው ምክንያትም ሚዛኑ ይቀንሳል።

ከዚህ ተሞክሮ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ብሔራዊ ፖሊሲ ግብ ሲያስቀምጥ ግቡን ለየአካባቢው ማከፋፈልና ባለመፈጸሙ የሚያስከትለውን ውጤት መናገር እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2018 ለመንግሥት የቀረበ ጥናት ፈቃድ ያገኙ ሰፋፊ ቦታዎች የሚገነቡበት ፍጥነት የሚወሰነው ገንቢዎች ዋጋ ሳይቀንስ ሊሸጡ በሚችሉት ቤት መጠን እንደሆነ አሳይቷል። ፈቃድ መስጠት ቤት መሥራት አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞችም ቦታ ወስደው አጥረው የሚያስቀምጡ አልሚዎች ጉዳይ ተደጋግሞ የሚነሳ በመሆኑ ይህ ማስጠንቀቂያ እንግዳ አይደለም።

ማሻሻያው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ከላይ ከተነሱት ነጥቦች አንጻር የከተማ ፕላን ሥርዓት ማሻሻያ በአምስት ጉዳዮች ላይ ግልጽ ምላሽ ሲሰጥ ለቤት ልማት ፋይዳ ይኖረዋል።

የመጀመሪያው ግብን ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው። በመዋቅራዊ ፕላኖች ውስጥ «ለመኖሪያ የተከለለ» የሚል ቀለም በቂ አይደለም። ከተማው በፕላኑ ዘመን ስንት ቤት እንደሚያስፈልገው፣ ለዚያ ስንት ሄክታር የተዘጋጀ መሬት በየዓመቱ እንደሚያቀርብ በቁጥር ሊቀመጥ ይገባል። ቁጥሩ ለሕዝብ ሲገለጽ የከተማው አስተዳደር ተጠያቂነት ይጠናከራል።

ሁለተኛው የመሠረተ ልማት ቅደም ተከተል ነው። የመንገድ፣ የውኃ፣ የመብራትና የቴሌኮም ተቋማት ዕቅድና በጀት ከአንድ የአካባቢ ልማት ፕላን ጋር ካልተሳሰረ ቤቱ ይቆማል እንጂ ኑሮው አይጀመርም። ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት አገልግሎት መድረሱን የማረጋገጥ ግዴታ የፕላኑ አካል መሆን አለበት።

ሦስተኛው የፈቃድ አሰጣጥ ነው። ከጸደቀ የአካባቢ ልማት ፕላን ጋር ሙሉ በሙሉ የሚጣጣም አነስተኛ መኖሪያ ቤት እንደገና ከዜሮ መመርመሩ ጊዜ ያባክናል፤ ለብልሹ አሠራርም በር ይከፍታል። ደንቡ አስቀድሞ ከታወቀ ፈቃዱ በአጭር ቀን፣ በአንድ መስኮት ሊያልቅ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተዘረጋው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ ሥራ በዚህ ረገድ መሠረት ነው፤ ወሰኑ በትክክል የተመዘገበ ይዞታ ክርክር አያስነሳም፤ ለባንክ ብድርም ዋስትና ይሆናል። በመኖሪያ ቤት ብድር ላይ ያተኮረው የመጀመሪያው የግል ባንክ፣ ጎህ ቤቶች ባንክ፣ ሥራ በጀመረበት ዘመን የይዞታ መረጃ ጥራት ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ አለው።

አራተኛው፣ ምናልባትም አስቸጋሪው፣ የመሬት ገቢ ጉዳይ ነው። ከተሞች ከሊዝ ጨረታ የሚያገኙት ገንዘብ መንገድና ትምህርት ቤት ይሠራበታል፤ ስለዚህ መሬት በውድ ቢሸጥ ይጠቅማቸዋል። ቤት ፈላጊው ግን የሚጠቀመው መሬት በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ ሲቀርብ ነው። መሬት በጥቂቱ እየቀረበ ዋጋው የሚሰቀልበት አሠራር የከተማውን ካዝና ቢሞላም ወጣቱን ከቤት ባለቤትነት ያርቃል። ከተሞች ከአንድ ጊዜ የመሬት ሽያጭ ይልቅ በየዓመቱ ከሚሰበሰብ የንብረት ግብር የሚተዳደሩበት አቅጣጫ ከፕላን ማሻሻያው ጋር አብሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛው የነባር ነዋሪው መብት ነው። መሐል ከተሞችን መልሶ ማልማት ተጨማሪ ቤት ለማግኘት ምቹ ዕድል ነው፤ መንገዱም ውኃውም እዚያው አለና። ነገር ግን በቀበሌ ቤት ለዓመታት የኖረች፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆች የምታሳድግ እናት ደንበኞቿ ያሉት በዚያው ሠፈር ነው። የመልሶ ማልማት ፕላን ከሚያስገኛቸው ቤቶች የተወሰነው በዚያው አካባቢ ለነባር ነዋሪዎች በሚችሉት ኪራይ እንዲቀርብ ቢደነግግ፣ ልማቱ ከነዋሪው ጋር እንጂ በነዋሪው ላይ የሚካሄድ አይሆንም።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን የክልሎች ነው። ስለሆነም የፌዴራል መንግሥት የሚያወጣው ፖሊሲ ማዕቀፍና መለኪያ ያስቀምጣል እንጂ ሽንሻኖውን አይሠራም። የማሻሻያው ስኬት የሚለካው በከተማ አስተዳደሮች ባለሙያ ብዛትና ብቃት፣ በምክር ቤቶቻቸው ቁርጠኝነትና ነዋሪው በፕላን ዝግጅት ውስጥ በሚኖረው ድምፅ ነው።

ማጠቃለያ

የፕላን ማሻሻያ ብቻውን ቤት አይሠራም። የግንባታ ግብዓት ዋጋ፣ የረጅም ጊዜ ብድር አቅርቦትና የሥራ ተቋራጮች አቅም የየራሳቸው መፍትሔ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም የተዘጋጀ መሬትና የታወቀ ደንብ ከሌለ ገንዘቡ የመሬት ዋጋን ያንራል እንጂ ቤት አይሆንም።

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት መንግሥት የቤት ባለቤት፣ ቀጥሎም የቤት ገንቢ ሆኖ ሠርቷል። ሁለቱም ሚናዎች ለብዙ ዜጎች ጣሪያ ሰጥተዋል፤ ሁለቱም ግን የከተሞችን ዕድገት ሊደርሱበት አልቻሉም። የቀጣዩ ዘመን ዋነኛ ሚና መሬትን አዘጋጅቶ፣ መንገዱን አስቀድሞ ተልሞ፣ ደንቡን ግልጽ አድርጎ ቤተሰቡም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም፣ የግል አልሚውም፣ መንግሥት ራሱም በዚያ ላይ እንዲገነቡ ማስቻል ነው። ከተሞች ፕላን ኖራቸውም አልኖራቸውም ማደጋቸው አይቀርም። ልዩነቱ ነዋሪው በቀን፣ በካርታና በፈቃድ ይሠራል ወይስ በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን በሚለው ላይ ነው።